በስተርጅና «ፐርስኒኬቲ» ተባልሁ

ስድብ ድሮ ቀረ። እኔ ልጅ ሳለሁ ሰው ሲሰድብህ ስድቡ ይገባሃል። ትቆጣለህ፣ ዱላ ታነሣለህ፣ ጎረቤት ይገላግላል፣ ማታ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ በነጋታው ታርቀህ ጠላ ትጠጣለህ። ነገሩ መጀመሪያም መጨረሻም አለው። ዘንድሮ ግን፣ ጥርሴ ካለቀ ጉልበቴም ከከዳኝ በኋላ፣ የልጅ ልጄ ከአሜሪካ ድረስ መጥታ፣ እዚሁ አምበር፣ ገዛ ቤቴ፣ ገዛ መደቤ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ «አባባ፣ አንተ እኮ ፐርስኒኬቲ ነህ» አለችኝ። ልቆጣ? ልመርቃት? ሰው ባልገባው ነገር እንዴት አድርጎ ይቆጣል?

እርግጥ «ፐርስኒኬቲ» ከምትለዋ በፊት ያመመችኝ «አንተ» የምትለዋ ናት። እናቴ ካረፈች ወዲህ አንተ ብሎ የጠራኝ የለም። ባለቤቴ እንኳ ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር፣ ክፉኛ በተጣላንበት ቀን ሳይቀር፣ «አንቱ የማያፍሩ» ብላ በአክብሮት ነው የምትሰድበኝ። ልጅቱ ላይ አልፈርድም። እንግሊዝኛ ለንጉሡም ለእረኛውም ለውሻውም አንድ ቃል ነው ያለው አሉ። ሽማግሌና ቡችላ መለየት ያቃተው ቋንቋ ሰውን ጣጠኛ ብሎ ለመክሰስ አፍ ከየት እንዳገኘ ግን እንጃ።

ምን አጠፋሁ ብትሉ፣ ምንም። እንጀራ ቀረበ፤ ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ ዓይን የለውም። ዓይን የሌለው እንጀራ ቂጣ ነው አልሁ። የመሶቡ ክዳን መሬት ተቀምጧል፤ አንሡት አልሁ። ቡናው አተላው ሳይሰክን ተቀዳ፤ ጀበናዋን ትንሽ ብታሳርፏት ምን ነበረበት አልሁ። ስኒው ጆሮው ወደ ግራ ዞሮ ተሰጠኝ፤ ይህን እንኳ በለሆሳስ ነው የተናገርሁት። ልጅቱ ሳቀችና ያን ቃል ወረወረችው።

«ምን ማለት ነው?» አልኋት።

«ለጥቃቅኑ ሁሉ የሚጨነቅ፣ እንዲህ ካልሆነ እንዲያ ካልሆነ የሚል፣ ምንም ነገር ቶሎ የማይጥመው ሰው።»

«ጣጠኛ ለማለት ነው?»

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ልክ ብላለች!» አለች። እንግሊዝኛ መቼ እንደተማረች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ጎጃሜ መቸም ሰውም መጣ ቃል መጣ ዘሩን ሳይጠይቅ አያስገባም። «ይኸ ቃል የማን ልጅ ነው?» አልኋት። ስልኳን አውጥታ ስትፈልግ ቆየችና የተገኘው ይህ ሆነ። ቃሉ አገሩ ስኮትላንድ ነው፤ መጀመሪያም «ፐርኒኬቲ» ነበር የሚባለው። ጆን ጃሚሰን የሚባሉ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1808 ባሳተሙት የስኮትላንዶች መዝገበ ቃላት ውስጥ አስገብተውታል። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ተሻገረና በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ መሐሉ ላይ አንዲት «ስ» ተሰነቀረችበት። ለምን ተሰነቀረች? የሚናገር የለም። ከየት ተወለደ? አንዳንዱ ሊቅ «ፓርቲኩላር» የሚለውን ሕፃን ልጅ ሲኮላተፍበት የወጣ ይሆናል ብሎ ይገምታል፤ የቀረው ሊቅ አይታወቅም ብሎ መዝገቡን ይዘጋል።

«ስለዚህ አባቱ አይታወቅም» አልሁ።

«አይታወቅም።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሰባት ቤት ድረስ ሳልደናቀፍ የምቆጥር ሰው፣ አባቱ ባልታወቀ፣ ያውም ባሕር ሲሻገር ትርፍ ፊደል ለቃቅሞ በመጣ ቃል ተሰደብሁ። ጣጠኛን ለመስደብ የወጣ ቃል እንዴት እንዲህ ያለ ዝርክርክ ይሆናል? አንድ ሰው ቆጥሮ ማስተካከል አቅቶት ነው?

ይህን ቃል ተሸክማችሁ ዲማ ጊዮርጊስ ብትሄዱ ኖሮ ጉዳችሁን ታዩ ነበር። ዲማ ወደ ቢቸና በኩል ነው፤ የቅኔ አገር ነው። የቅኔ መምህር ማለት ፐርስኒኬቲ የሚባለው ሰው ፊቱ ቢቆም ተማሪ የሚመስልበት ፍጡር ነው። እኔም በልጅነቴ ጥቂት ተምሬያለሁ፤ ወደ በሬዬ የተመለስሁት በኋላ ነው። ቁራሽ ለምነህ፣ ውሻ አባርረህ፣ ሌሊቱን ጎጆ ውስጥ ተኮራምተህ ስታወጣ ስታወርድ ታድራለህ፤ የምታወጣው ደግሞ ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ። ጠዋት ለመምህሩ ትነግራለህ። መምህሩ ዓይናቸውን እንኳ ሳይከፍቱ «ቤት አልመታም» ይሉሃል። ቤቱን አስመትተህ ትመለሳለህ፤ «ሰሙ ወርቁን አልቻለውም» ይሉሃል። ሰሙን አጠንክረህ ትመለሳለህ፤ አሁን ደግሞ አንዲት ፊደል ላልታ መነበብ ሲገባት ጠብቃለች። ሌሊትህ በአንዲት ፊደል ገደል ገባ። ማንም ግን መምህሩን ጣጠኛ አይልም፤ እሳቸውም በዚሁ መንገድ ነው የመጡት።

የመዝገበ ቃላት ነገር ከተነሣ ደግሞ የእኛዎቹን ልንገራችሁ። የግእዙን መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ሳይጨርሱት አለፉ። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረከቡት፤ ሲጽፉና ሲያርሙ ኖረው በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ፤ መጽሐፉ አሁንም አልታተመም። አደራውን አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተቀበሉና በ1948 ዓ.ም. ለማተሚያ ቤት አበቁት። ሦስት ሰው፣ አንድ መጽሐፍ! ደስታ ያማርኛውን የራሳቸውን መዝገበ ቃላት ያሳተሙት ከዚያ ወዲህ፣ በ1962 ዓ.ም. ነው። ሃሌታው «ሀ» በሐመሩ «ሐ» ቦታ ቢገባ ሆድ ቁርጠት የሚይዛቸው ሰዎች ናቸው። ይህን ሁሉ የደከሙት እኛ ዛሬ በስልክ «ሰላም ነክ» ተባብለን እንድንጻጻፍ ነው? «ነህ»ን «ነክ» ያደረጋት ማን እንደሆነ ባውቀው ኖሮ ዲማ ወስጄ ለመምህሩ አስረክበው ነበር።

ወደ እንጀራዬ ልመለስ፤ ያጣላንም እሱው ነው።

አምበር የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወጣው አስፋልት መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል። አውቶቡስ ላይ ሆኖ ለሚያልፍ ሰው፣ ሻይ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ አህያ፣ ባጃጅ ታየውና አለቀች። መንገደኛ የማያያት አምበር ከቤቶቹ ጀርባ ያለችው ናት፤ ከዚያ ወዲያ ዓይንህ እስከሚችለው ጤፍ ነው። ጣጣ ምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው እንግሊዝኛ መማር አያስፈልገውም፤ አንድ ክረምት እዚህ ይክረም።

ጤፍ ማለት ሺህ ፍሬ ቆጥረህ ሚዛን ላይ ብታኖረው ግማሽ ግራም የማይሞላ እህል ነው። እንግዲህ ይህች ፍሬ እንድትበቅልልህ መሬቱን አራቴም አምስቴም ታርስላታለህ። ጓል ካለበት አትወጣም። ሐምሌ ሲገባ ጭቃውን ከብት ነድተህ ታስረግጣለህ፤ ሰው ለመንግሥት እንግዳ እንኳ እንዲህ መሬት አይደለድልም። ትዘራለህ። ትወጣና አረም ከእሷ ጋራ አንድ መልክ ሆኖ ይወጣል፤ አጎንብሰህ በጣትህ አንዲት አንዲቱን ትለያለህ። ከአጨዳ በፊት ዝናብ ቢመጣ ትተኛብሃለች። ታጭዳለህ፣ ትከምራለህ፣ አውድማውን በእበት ትለቀልቃለህ፣ በበሬ ታበራያለህ፣ ነፋስ ትለምናለህ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የለመንሁት ነፋስ እኩሉን ያህል እንኳ በሰዓቱ አልመጣም። ከዚያ ለሴቶቹ ይደርሳል፦ ማንፈስ፣ ማንጓለል፣ መንፋት፣ ማስፈጨት፣ ማቡካት፣ እርሾውን መጠበቅ፣ አብሲቱን መጣል፣ ምጣዱን ማሰስ። ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ እንጀራ ዓይን ከሌለው አንድ ቦታ አንድ ሰው ሥራውን ዘሏል ማለት ነው። እኔ የተናገርሁት ይህን ነው። ይኸ ፐርስኒኬቲ ካስባለ፣ ጤፍ ራሷስ ምን ልትባል ነው?

ደግሞም ልክ ነኝ፤ ጤፍ ከእኔ ትብሳለች። የግብርናው ባለሙያ ነው ያጫወተኝ። ተመራማሪዎች ጤፍን ከጤፍ ማዳቀል ፈልገው ብዙ ዘመን አልሆነላቸውም። አበባዋን ጠብቀው ቢያዩ ሁልጊዜ ዝግ፤ ውስጧን ቢያዩ ጉዳዩን ጨርሳለች። በኋላ ዶክተር ታረቀ በርሄ የሚባሉ ሊቅ በ1960ዎቹ መጨረሻ ምሥጢሯን ደረሱበት። አበባዋ የሚከፈተው ከጠዋቱ 12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ ብቻ ነው ለካ! ከዚያ በፊት ብትመጣ ተኝታለች፤ ከዚያ በኋላ ብትመጣ ዘግታለች። እንደ ባንክ ቤት። ሳይንስ ሁሉ ገና ቁርሱን ሲበላ እሷ ሥራዋን ጨርሳ ትገባ ነበር። እኔ ይህን ስሰማ ለጤፍ ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

አሁን ደግሞ የጣጣውን ባለቤት እንፈልግ። ደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ዱከም የምትባል የጤፍ ዝርያ ነበረችው፤ ምርቷ ጥሩ ነው። ገበሬው ግን ገፋት። ለምን? መልኳ ለገበያ የሚፈለገውን ያህል ነጭ አይደለም። በሌላ በኩል ማኛ አለች፤ ነጣ ብላ የምታምር፣ ገዥ የሚሻማባት፣ ምርቷ ግን እንደ መልኳ ያልሆነ። ስለዚህ ሊቃውንቱ ያቺኑ የጠዋት ሰዓት ጠብቀው ሁለቱን አዳቀሉና፣ ሲመርጡ ሲያበጥሩ ቆይተው፣ በ1998 ዓ.ም. ቁንጮን አወጡ። ምርቱ ከአንዷ፣ ንጣቱ ከሌላዋ። ግሩም ሥራ ነው፤ እኔም ዘርቼዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን ልብ በሉልኝ፤ ይህን ሁሉ ሊቅ ጎሕ ሲቀድ ከአልጋው ያስነሣው ማነው? የመርካቶ እህል በረንዳ ገዥ ነው! መዳፉ ላይ ቆንጠር አድርጎ፣ እፍ ብሎ፣ ወደ ፀሐይ ይዞ፣ «ይኸማ ጠቆር ይላል» የሚለው። እሱን ጣጠኛ ያለው የለም። «ደንበኛ» ነው የተባለው።

አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ ስሄድ ነገሩ የበለጠ ገባኝ። ቡና ቤት ወሰደችኝ። አጠገባችን አራት ጎረምሶች ተቀምጠዋል፤ አሳላፊው መጣ። አንዱ «ማኪያቶ፣ ነጣ ያለ» አለ። ሁለተኛው «ማኪያቶ፣ ጠቆር ያለ፣ ስኳር ለብቻው።» ሦስተኛው «ስፕሪስ፣ ሻዩ ከታች፣ እንዳትደባልቀው።» አራተኛው ጾመኛ ነበር፤ እሰየው አልሁ፣ ውኃ ሊያዝ ነው ብዬ፤ የጾም ማኪያቶ በአኩሪ አተር ወተት ብሎ አዘዘ፣ አረፋ ይብዛ ሲልም አከለ። አረፋ ያለው ጾም! እኔ «ቡና» አልሁ። አሳላፊው ቆሞ ጠበቀኝ። «ምን ዓይነት?» «የሚጠጣ ዓይነት።» ልጄ አፈረችብኝ። ከአምስታችን ጣጠኛው እኔ ሆንሁ ማለት ነው።

እኛ ዘንድ የበዛው ጣጣ በሠሪው እጅ ላይ ነበር። የዶሮ ወጥን ነገር ተመልከቱ። ዶሮ 12 ብልት አላት። 11 አይደለም፣ 13 አይደለም። ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ የምትፈተነው በዚህ ነው፤ መገጣጠሚያውን በቢላዋ ጫፍ አግኝታ፣ አጥንት ሳትሰብር ለይታ ማውጣት አለባት። ከዚያ አጠባው ነው፤ በጨው፣ በሎሚ፣ ውኃው እንደ ምንጭ ጠርቶ እስኪወርድ። ሽንኩርቱ ያለ ቅባት ቀስ እያለ ይቁላላል፤ ሠሪዋ ከእሳቱ አትነሣም። ሲወጣም ድልድል አለው፦ ፈረሰኛው ለአባወራ ነው። ልጅቱ ባለፈው እሑድ ሠራሁላችሁ ብላ ያቀረበችው ዶሮ ከማቀዝቀዣ ተቆራርጦ የወጣ ነው። ዝም ብዬ ቆጠርሁ። ዘጠኝ። እንደገና ቆጠርሁ። ዘጠኝ። «ሦስቱ የት ሄዱ?» አልሁ። ጉድ ፈላ! ማንም መልስ የለውም። ፈረሰኛውንማ ተዉት፤ ጎረቤት የመጣ ሕፃን እጅ ላይ አገኘሁት፣ እኩሉን አላምጦ መሬት ሊጥለው ሲያመቻች።

ይህን ስናገር ባለቤቴ ሰፌዷን አስቀምጣ፣ «ኧረ ለመሆኑ አንቱ ዶሮ አጥበው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«እኔ አርሻለሁ።»

«ዶሮ አርሰዋል?»

መልስ አልሰጠኋትም። ሴት ስትናገር ጣልቃ መግባት ነውር ነው።

ልጅቱ ግን ቀዳዳ አገኘች። «አየህ አባባ፣ እናንተ ወንዶቹ የምታዙት በሌላ ሰው ጉልበት ነው» አለች። አሁን ይኸ ከማኪያቶው ልጅ ጋራ ሊያስተካክለኝ የታሰበ ንግግር ነው። አልቀበለውም። እኔ ቢያንስ ጤፉን አምርቻለሁ።

ከመጠን ያለፈ ጣጣ የለም አላልሁም፤ አለ። የእኛው አገር ሰው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ፊታውራሪ መሸሻን ያውቃል። ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ባል ሁሉ ዘሩን እየቆጠሩ፣ አጥንቱን እየመዘኑ፣ ይኸኛው ከዚህ ያንሳል ያኛው ከዚያ ይጎድላል ሲሉ ልጅቱን ዕድሜዋን አሳለፉባት። እሱ ጣጣ አይደለም፣ በሽታ ነው። ግን አሁን ልጄ ስትነግረኝ፣ የዘንድሮ ወጣት በስልክ የሰው ፎቶግራፍ እየገፋ ነው አሉ ሚስት የሚመርጠው፤ ይቺ አጭር፣ ይቺ ጥርሷ፣ ይቺ ፀጉሯ፤ ግፋ፣ ግፋ። ፊታውራሪ መሸሻ ቢያንስ እንግዳውን ጠላ ያጠጡት ነበር።

ደግሞ አሁን የመጣውን ልንገራችሁ፤ ከሁሉ ይህ ነው የሚያቃጥለኝ።

ድሮ ቀይ ጤፍ የድሀ ነበር። ነጩ ለገበያና ለእንግዳ ይወጣል፤ ቀዩ ለቤተ ሰብ፣ ለሠራተኛ፣ ለተዝካር ብዛት ይጋገራል። ሙሽራ ፊት ቀይ እንጀራ ያቀረበ ሰው ስሙ ሳይነሣ አይውልም ነበር። እኔም ይህን አውቄ ነጩን ሳሳድድ ኖርሁ። አሁን ፈረንጅ የስንዴ ዳቦ ሆዴን ይነፋኛል፣ ግሉተን የሚባል ነገር አይስማማኝም አለ፤ ጤፍ ግሉተን የለውም ተባለ፤ ዓለም ሁሉ ጤፍ ጤፍ አለ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ እንዲያውም በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አውጥቶበት ነበር። እናቶቻችን ወፍጮ ቤት ተሰልፈው የኖሩበትን! የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ላይ «ይኸማ አዲስ ፈጠራ የለበትም» ብሎ መብቱን በኔዘርላንድ ሻረው እንጂ፣ እኔ የልጅ ልጄን ቂጣ ስነቅፍ የማን ንብረት ልነቅፍ እንደሆነ አምስተርዳም ደውዬ ማስፈቀድ ሊኖርብኝ ነበር። ይኸ ሁሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው፣ ያው መዳፉ ላይ እፍ እያለ «ጠቆር ይላል» ሲል የነበረው ሰው፣ ቀይ ጤፍ ብረት አለው፣ ለደም ይበጃል ማለት ጀመረ።

ማክሰኞ ልጄ ደወለች። «አባዬ፣ ነጩን አትላኩልን። ቀይ ፈልጉልን፤ ሁሉም ሰው ቀይ ነው የሚበላ።»

ጎተራዬ ውስጥ ያለው ቁንጮ ነው፤ የበረዶ ያህል የነጣ። ቀይ ጤፍ ያለው ጎረቤቴ ነው፤ ዕድሜ ልኬን «ሰው ይህን ይዘራል?» እያልሁ የሳቅሁበት ሰውዬ። እኔ አልሄድም አልሁ። ባለቤቴ ልጅቱን አስከትላ ሄደች። ጎረቤቴ ወንበር እንኳ ሳያቀርብ ጠየቃት አሉ፦ «ድፍን ቀይ ነው ወይስ ሰርገኛ? ለእንጀራ ነው ለአጥሚት? አምና የገባው ነው ዘንድሮ የገባው? ወፍጮውስ የትኛው ነው? ከበቆሎ ጋራ የሚፈጨው ቤት ከሆነ አልሸጥም።» ሁሉን መለሰችለት። ጤፉ ተሰፈረ። ብሩን ቆጥራ ብትሰጠው አንዷን መቶ ብር ነጥሎ አወጣና፣ ወደ ብርሃን ይዞ አገላብጦ አይቶ፣ ጥጓ ተቀዳለች ብሎ መለሰላት።